የሐኪም ወረቀት ያለበት የሠራተኛ ማኅደር ሲጠየቅ፦ ምኑ ይሰጣል፣ ምኑ ይቀራል?

ከሐዋሳ መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብትና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። አጠያየቁ ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው፦ «ባለጉዳይ ማመልከቻ አስገብቶ ስለ አንድ ሠራተኛ መረጃ ይፈልጋል። ማኅደሩ ውስጥ የሐኪም ወረቀት አለ። ልስጥ ወይስ ልከልክል?»

ሁለቱም ያስጠይቃሉ። ማኅደሩን እንዳለ የሰጠ የሠራተኛውን ገመና አደባባይ ያወጣል፤ ማኅደሩን እንዳለ የከለከለ ደግሞ ባለጉዳዩ በሕግ የሚገባውን ነገር ይነፍገዋል። ውሳኔ የሚሰጠው በማኅደሩ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ገጽ፣ ሲብስም በእያንዳንዱ መስመር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለዚያ የሚረዳ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚቆሙበትን መሬት ይወቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። የመረጃ ጥያቄ የሚስተናገደው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ የመረጃ ነፃነትን በሚመለከተው የአዋጁ ክፍል ነው። የጤና መረጃን ከሌላው የግል መረጃ ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ የሚሰጠው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በክልል መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አብረው ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡ፤ የፈቃድ አሰጣጡ የሚመራው በእሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመረጃ ጥያቄ መመዝገቢያ፣ ከመዝገብ ቤቱ ገቢ መዝገብ የተለየ
- ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት አቃፊ፣ ቀለማቸው የተለያየ
- ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ያለ ካቢኔት
- ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለ
- ጥቁር ማርከር፣ መቀስ፣ ነጭ ወረቀት፣ ሙጫ
- የሚታሸግ ፖስታና ማኅተም
- የሠራተኛ ስምምነት መስጫ ቅጽ
- የተጠቀሱት አዋጆች ቅጂ

ደረጃ 1፦ ጥያቄ ሳይመጣ ማኅደሩን ለሁለት ይክፈሉ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ከደረጃ 2 ይጀምራል። ከዚያ ማመልከቻው ሲመጣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የራጅ ውጤት፣ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔና የደረጃ እድገት ደብዳቤ በአንድ ክር ተሰፍተው ያገኛቸዋል።

በአንደኛው አቃፊ የቅጥር፣ የምደባ፣ የደመወዝና የፈቃድ ደብዳቤዎችን ያድርጉ። በሁለተኛው የሐኪም ማስረጃ፣ የምርመራ ውጤት፣ የቦርድ ውሳኔ፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የቀረበ የሕክምና ዝርዝር ይግባ። ሁለተኛው አቃፊ በካቢኔቱ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። በአንደኛው አቃፊ ውስጥ የሚቀረው «የሕክምና ማስረጃ ቀርቧል፤ በሁለተኛው አቃፊ ገጽ 14 ይገኛል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይሁን። ይህን ካደረጉ አቃፊውን የሚያገላብጥ ጸሐፊ፣ ተላላኪ ወይም ኮሚቴ የማይመለከተውን አያይም።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም፤ የሐኪም ወረቀት ማኅደር ውስጥ ብቻ አይኖርም። አራት ቦታ ይፈልጉት።

አንደኛው መዝገብ ቤት ነው። ወረቀቱ በገቢ ሲመዘገብ «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ ሥር የበሽታው ስም ይጻፋል። «የሕክምና ማስረጃ ስለማቅረብ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ፋይናንስ ነው። የሕክምና ወጪ ሲተካ የመድኃኒት ማዘዣው ከክፍያ ማዘዣው ጋር ይያያዛል፤ መድኃኒቱን ያየ በሽታውን ያውቃል። ኦዲተሩ የሚፈልገው ደረሰኙንና ያጸደቀውን ኃላፊ ፊርማ ነው። ማዘዣውን በታሸገ ፖስታ አድርገው፣ በላዩ ላይ የክፍያ ማዘዣውን ቁጥር ጽፈው ያያይዙት።

ሦስተኛው የቅርብ ኃላፊው መሳቢያ ነው። ስለ መሳቢያ የምለው የለኝም፤ ያስከፍቱት።

አራተኛውና ዋነኛው ግልባጭ ነው። የሕመም ፈቃድ ደብዳቤ በእኛ አገር ከግርጌው «ግልባጭ» ብሎ ለሥራ ክፍሉ፣ ለፋይናንስ፣ ለግል ማኅደር፣ አንዳንዴም ለውስጥ ኦዲት ይላካል። የበሽታው ስም በደብዳቤው ውስጥ ካለ አምስት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ይጻፍ፦

«ወ/ሮ … ከ… እስከ … ዓ.ም. ድረስ ለ… ቀናት በሕግ የተፈቀደ ፈቃድ ላይ ስለሚሆኑ፣ ሥራቸውን አቶ … ተክተው እንዲሠሩ እናሳውቃለን።»

ቀኑ አለ፣ ተተኪው አለ፣ ፈቃዱ ሕጋዊ መሆኑ አለ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው የግልባጭ ተቀባይ የለም።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ተቀብለው ቀኑን ይቁጠሩ

ማመልከቻውን በመመዝገቢያው ላይ ያስፍሩ፤ ለጠያቂው ቀንና ቁጥር ያለበት ወረቀት ይስጡት። በቃል የመጣም ጥያቄ ነው። ባለጉዳዩ መጻፍ ካልቻለ ራስዎ ጽፈው ያንብቡለትና ያስፈርሙት። መልስ የሚሰጠው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን በ30 ቀን ውስጥ ነው። በበቂ ምክንያት ሊራዘም ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ለጠያቂው በጽሑፍ መድረስ አለበት። ሰላሳው ቀን ሩቅ ይመስላል። ማኅደሩ ካልተከፈለ አንዱን ሳምንት ወረቀት ፍለጋ ይበላዋል።

«ለምን ፈለጉት?» ብለው አይጀምሩ። ባለጉዳዩን ያስቆጣል፤ እርስዎንም ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው እንዲያስቡ ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን በትነው ያንብቡት

ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ነዋሪ ለክፍለ ከተማ እንዲህ ብሎ አመለከተ እንበል፦ «በመሬት ክፍል ፋይሌን የያዘው ባለሙያ ሦስት ወር ሙሉ ቢሮው የለም። ምን ሆኖ ነው? ደመወዝስ ይከፈለዋል? ፈቃድ ያገኘበት ማስረጃ ይሰጠኝ።»

ይህ አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ አምስት ነው። ባለሙያው ከመቼ ጀምሮ በሥራ ላይ የለም? ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው፣ በሕግ ከተፈቀደው ጊዜስ አልፏል? ደመወዝ እየተከፈለው ነው? የእኔን ፋይል አሁን ማን ይዞታል? ባለሙያው ምን ሆኖ ነው? የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለ መሥሪያ ቤቱ አሠራርና ስለ ሕዝብ ገንዘብ ናቸው፤ ይመለሳሉ። አምስተኛው ስለ ሰው ገላ ነው። ሰውየው በጣም የሚፈልገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራተኛውን ነው፤ ማመልከቻው ውስጥ ግን በግልጽ አልጻፈውም። ደውለው ወይም ጠርተው ያነጋግሩት። «ፋይልዎ ዛሬ ወደ እገሌ ተዛውሯል» ሲባል የቀረውን ጥያቄ ትቶ የሚሄድ ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚሰጠውንና የሚቀረውን ይለዩ

የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፦ የሠራተኛው ስም፣ የሥራ መደቡ፣ ደረጃው፣ የመደቡ የደመወዝ መጠን፣ ኃላፊነቱ፣ የሥራ አድራሻውና የቢሮ ስልኩ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት ሠራተኛን ከሥራ መደቡ ጋር የተያያዘ መረጃ እንደ ግል ገመና አይቆጥረውም። በሥራ ላይ ያልነበረባቸው ቀናት፣ የውክልና ደብዳቤ፣ ፈቃዱን ያጸደቀው ኃላፊ ስምና የደብዳቤው ቁጥር፣ መሥሪያ ቤቱ በዓመት ለሕክምና ያወጣው ጠቅላላ ገንዘብም ይሰጣል።

የሚቀሩት፦ የበሽታው ስም፣ የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ የሐኪሙ አስተያየት፣ የእርግዝና ሁኔታ፣ የአካል ጉዳት መጠን በመቶኛ የተገለጸበት የቦርድ ገጽ፣ የቤተሰብ አባል ሕክምና። የሟች ሠራተኛ ማኅደርም «ባለቤቱ የለም» ተብሎ አይከፈትም።

ሁልጊዜ የሚያከራክረው መሐል ላይ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

«የሕመም ፈቃድ» የሚለው ቃል ራሱ የጤና መረጃ ነው ወይ? የበሽታውን ስም ባይናገርም ሰውየው መታመሙን ይናገራል። የእኔ ምክር «በሕግ የተፈቀደ ፈቃድ» ብሎ መመለስ ነው። ጠያቂው ሕጋዊነቱን እንዲያረጋግጡለት ከጠየቀ «የሚፈለገው ማስረጃ ቀርቦ፣ ሥልጣን ባለው ኃላፊ ጸድቆ፣ በሕግ ከተወሰነው ጊዜ ሳያልፍ» ብለው ይጻፉለት። እውነት ካልሆነ ግን አይጻፉ፤ ማስረጃ ሳይቀርብ የተሰጠ ፈቃድ ካለ እሱ የሕክምና ምሥጢር ሳይሆን የአስተዳደር ጉድለት ነው፤ መደበቂያ የለውም።

የጤና ተቋሙ ስምስ? ከጠቅላላ ሆስፒታል የመጣ ማስረጃ ራስጌ ብዙ ላይናገር ይችላል። በማኅተሙ ላይ የአእምሮ ሕክምና፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የሚል ካለ ግን ማኅተሙ በሽታውን ተናገረ። ስለዚህ የተቋሙን ስምም ማኅተሙንም ይሸፍኑ። የአንዱን ሠራተኛ ሸፍነው የሌላውን ከተዉት የተሸፈነው ሁሉ አሳሳቢ መሆኑን ያሳብቃል፤ ለሁሉም እኩል ያድርጉት።

ባለሥልጣን ሲሆንስ? ወንበሩ ትልቅ ቢሆንም ሰውነቱ ያው ነው። ስንት ቀን እንዳልነበረ፣ ማን ወክሎ እንደፈረመ፣ ውክልናው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይሰጣል።

የሕዝብ ጥቅም ሚዛኑን ያዘነበለ መስሎ ከታየዎት፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር አደጋ አድርሶ «ለመንዳት ብቁ ነበር ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመልሱት፦ የብቃት ምርመራ ይጠየቅ ነበር? መቼ ተደረገ? ውጤቱን ማን ተቀበለ? ይህ ያለ በሽታ ስም ይመለሳል። ከዚህ አልፎ የምርመራው ይዘት ይውጣ ከተባለ ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ። እርስዎ ብቻዎን አይወስኑ።

ደረጃ 5፦ ሠራተኛውን ያሳውቁ

የሚወጣው ገጽ ስሙ ያለበት ከሆነ ሠራተኛው ከጠያቂው ቀድሞ ይወቅ። ያልተመለከቱትን ነገር ሊጠቁምዎ ይችላል፤ «ያ ቀን እኮ ቀዶ ሕክምናዬ የተደረገበት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል» ይል ይሆናል። የጤና መረጃው እንዲወጣ ከተስማማ ስምምነቱ በጽሑፍ፣ የትኛው ገጽ ለማን እንደሚሰጥ ተጠቅሶ ይሁን። ኃላፊው በተቀመጠበት «ተስማማህ አይደል?» ተብሎ የተገኘ ፊርማ ስምምነት አይባልም።

ደረጃ 6፦ ይሸፍኑ፣ በትክክል

ብዙ መሥሪያ ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ጥፋቱም ከታየ በኋላ አይመለስም።

በወረቀት ከሆነ፦ ዋናውን ሰነድ በፍጹም አይንኩ። (ሀ) ኮፒ ያንሱ። (ለ) በኮፒው ላይ የሚቀረውን መስመር በማርከር ያጥቁሩ፤ ወይም ነጭ ወረቀት ቆርጠው ይለጥፉበት። (ሐ) የጠቆረውን ገጽ እንደገና ኮፒ ያንሱ። (መ) ለጠያቂው የሚሰጠው ሁለተኛው ኮፒ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮፒ ለምን? በማርከር የተቀባ ወረቀት ወደ መስኮት ቢያዞሩት ከቀለሙ ሥር ያለው ጽሑፍ ይነበባል። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ አይናቁ፤ እርስዎም ከመስጠትዎ በፊት እዚያው መስኮት ላይ አድርገው ይሞክሩት። የገጹን ጀርባም ይመልከቱ፤ እስክሪብቶ አጥብቆ የሚጽፍ ሐኪም ጽሑፉን በጀርባ በኩል ያትመዋል።

በኮምፒውተር ከሆነ፦ በፒዲኤፍ ወይም በዎርድ ሰነድ ላይ ጥቁር ሣጥን መደረብ መሸፈን አይደለም። ጽሑፉ ከሥር አለ፤ ተቀባዩ መርጦ ገልብጦ ሌላ ቦታ ቢለጥፈው ይወጣል። በኤክሴል ዓምድ መደበቅም እንዲሁ ነው፤ የደበቁትን እሱ በአንድ ጠቅታ ይገልጠዋል። ዓምዱን ከቅጂው ላይ ያጥፉት፤ አትመው እንደገና በስካነር ያንሱት፤ የሚልኩት ያንን ነው። የፋይሉን ስምም ይዩት። ውስጡ በጥንቃቄ የተሸፈነ፣ ስሙ ግን ከእነ በሽታው የተጻፈ ፋይል አይቻለሁ።

በእያንዳንዱ ጥቁር መስመር ጎን «የግል የጤና መረጃ» ብለው ይጻፉ። ጠያቂው የተደበቀበት ሌብነት ሳይሆን ሕግ መሆኑን ያያል፤ ይግባኝ ቢልም በምን ላይ እንደሚል ያውቃል።

ደረጃ 7፦ በጎረቤት ዓይን ያንብቡት

ስም ማጥፋት ሰውን አይደብቅም። የአባት ስም ብቻ ማጥፋትማ ቀልድ ነው። ሰነዱ ላይ «የመሬት ክፍል፣ ሴት፣ ሾፌር» የሚል ከቀረና ክፍሉ ያለው አንዲት ሴት ሾፌር ከሆነች ስሟን ጻፉት ማለት ነው። ሠንጠረዥ ሲሰጡም እንዲሁ። «በሦስት ሠራተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የረጅም ጊዜ ሕክምና ላይ ነው» ማለት በስም መጥራት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ክፍሎችን ደምረው በክፍለ ከተማ ወይም በመምሪያ ደረጃ ያቅርቡት።

ቀኑንም ይፈትሹ። በሐኪም ማስረጃ ላይ 5/1 ብቻ የተጻፈ ቀን መስከረም 5 ይሁን ጃንዋሪ 5 አይታወቅም፤ ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ሲደባለቁ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ የቀረ ይመስላል። በመልስዎ ወሩን በስሙ ጽፈው «ዓ.ም.» ይጨምሩ።

ደረጃ 8፦ መልሱን ይጻፉ

ለተነሣው ምሳሌ መልሱ ይህን ይመስላል፦

«በቁጥር … ለቀረበው ጥያቄ፦ ባለሙያው ከጥቅምት … ጀምሮ በቁጥር … በተጻፈ ደብዳቤ በሕግ የተፈቀደ ፈቃድ ላይ ናቸው። ደመወዛቸው በሕጉ መሠረት እየተፈጸመ ነው። ፋይልዎ በአሁኑ ጊዜ በአቶ … እጅ ይገኛል፤ ቢሮ ቁጥር …። የውክልና ደብዳቤው ቅጂ ተያይዟል። የፈቃዱ ማስረጃ ይዘት የሦስተኛ ወገን የግል የጤና መረጃ ስለሆነ አልተሰጠም። በዚህ ቅር ከተሰኙ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አያስቀሩ። የይግባኝ መንገድ ያልተነገረው ሰው መንገዱን የሚፈልገው በእርስዎ በር ላይ ቆሞ ነው።

ደረጃ 9፦ የሰጡትን ቅጂ ያስቀምጡ

የተሸፈነውን ቅጂ፣ የሸፈኑበትን ምክንያትና የተቀባዩን ፊርማ በመመዝገቢያው ላይ ያያይዙ። ሁለተኛ ጠያቂ ሲመጣ ያንኑ ይሰጣሉ። ለአንዱ የሸፈኑትን ለሌላው ከገለጡ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ማስጠንቀቂያ

- ስለ ሠራተኛ ጤና በስልክ አይመልሱ፣ ደዋዩ «ወንድሙ ነኝ» ቢልም። የቤተሰብ ጭንቀት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ ግን መታወቂያ የለውም።
- የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ የታዘዘውን ገጽ ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ለፍርድ ቤቱ ይላኩ። ትእዛዙን ላመጣው ተከራካሪ አይስጡ።
- የቅርብ ኃላፊ ማወቅ ያለበት ሠራተኛው መቼ እንደሚመለስና ምን ዓይነት ሥራ እንዳይሠራ ሐኪም እንደከለከለው ነው። ምክንያቱን ማወቅ አይጠበቅበትም።
- የጤና ባለሙያ የሙያ ምሥጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ስለዚህ ሆስፒታል ደውለው «ወረቀቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚጠየቀው «ይህን ማስረጃ እናንተ ሰጥታችኋል?» ብቻ ነው።
- መረጃው በስሕተት ከወጣ ዝም አይበሉ። ለሠራተኛውና ለኃላፊው በዕለቱ ያሳውቁ፤ የግል ዳታ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

«590 ተሽሯል» ብሎ ጥያቄ መመለስ። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተተካው የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ ነው፤ የመረጃ ጥያቄ ክፍሉ ይሠራል።

በማኅደሩ ሽፋን ላይ «ምሥጢር» የሚል ማኅተም መምታት። ማኅተሙ የቅጥር ደብዳቤን ምሥጢር አያደርገውም፤ የሐኪም ወረቀቱን ደግሞ የማንንም ዓይን ይስባል።

የታመመ ሠራተኛን ለመርዳት በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ላይ የሐኪም ወረቀቱን ፎቶ መለጠፍ። ሐሳቡ ቅን ነው። መዋጮው ግን ስምና የባንክ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል፤ እሱንም ሠራተኛው ወይም ቤተሰቡ ሲፈቅድ።

የራሱን ማኅደር የጠየቀ ሠራተኛን እንደ ባዕድ ማየት። የራሱን የሕክምና ወረቀት ማየትና ኮፒ መውሰድ ይችላል። ማንነቱን አረጋግጠው እፊትዎ ያሳዩት።

የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ማኅደሩን ይዞ ከግቢው በር ወደሚገኘው ኮፒ ቤት መሄድ። ልጁ ደህና ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወረፋ የያዙት ባለጉዳዮች ግን ገጹን ከትከሻዎ በላይ እያነበቡት ነው፤ ተበላሽቶ ቅርጫት ውስጥ የገባው ኮፒም ነገ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ሰላሳ ቀን አለዎት።